ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ከመግዛትዎ በፊት፦ ተጎታች ለሚጎትቱ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ነዋሪዎች

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በፒክአፕ መኪና እንጀራቸውን የሚበሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። የምግብ ተጎታች ይዘው ከፌስቲቫል ፌስቲቫል የሚዞሩ አሉ፤ ለሠርግና ለልደት ድንኳን፣ ወንበርና ጠረጴዛ የሚያከራዩ አሉ፤ ቤት የሚያድሱ፣ ሣር የሚያጭዱ፣ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዙም አሉ። የቤንዚን ወጪ ያስመረረው ሁሉ ዓይኑን ወደ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ መጣሉ አይቀርም። ዘይት መቀየር የለም፣ ጉልበቱ የሚያስተማምን ነው፣ ያገለገሉትም ዋጋቸው ወርዷል።

ተጎታች ለሚጎትት ሰው ግን ነገሩ የሚወሰነው በሁለት ቁጥሮች ነው። መኪናው ጭነቱን ይዞ ስንት ማይል ይሄዳል? ለዚያ ማይል የሚበቃውን ኤሌክትሪክስ በስንት ይገዙታል? መልሱን አስቀድሜ ልናገር፦ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ የሚያዋጣው በአጭር ርቀት ለሚጎትትና ማታ ቤቱ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ነው። ረዥም መንገድ እየጎተተ በየሐይዌዩ ፈጣን ቻርጀር ለሚጠቀም ሰው ከቤንዚኑ የባሰ ወጪ ያስወጣል። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት እንዲያውቁ ቀጥሎ ያሉትን ደረጃዎች በተራ ይከተሉ። የሚያስፈልግዎት ብዕር፣ ወረቀት፣ የመብራት ቢልዎና የተጎታችዎ ክብደት ብቻ ነው።

1ኛ. የአንድ ወር ሥራዎን በወረቀት ያስፍሩ

መኪና ከማማረጥ በፊት ሥራዎን ይመዝግቡ። በየቀኑ ከየት ወዴት እንደሄዱ፣ ስንቱን ማይል ተጎታች ይዘው ስንቱን ባዶ እንደነዱ፣ መኪናው የት እንዳደረ ይጻፉ። ብዙ ሰው ሲጠየቅ ረዥሙን መንገዱን ያስታውሳል፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ አጭሩ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤልትዌይ ዞሮ አሌክሳንድሪያ ደርሶ ለመመለስ 40 ማይል ገደማ ነው። ባልቲሞር ደርሶ መልስ ከ70 እስከ 80 ማይል ይሆናል። ሪችመንድ ከአሌክሳንድሪያ መሄጃው ብቻ 100 ማይል ገደማ፣ ኦሽን ሲቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ 145 ማይል ገደማ ነው።

መዝገቡን በሦስት ይክፈሉት፦ በቀን ከ80 ማይል በታች የጎተቱባቸው ቀናት፣ ከ80 እስከ 120 የጎተቱባቸው፣ ከዚያ በላይ የጎተቱባቸው። የመጀመሪያው ክፍል ከበዛ ይቀጥሉ፤ መኪናው ለእርስዎ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ከበዛ ግን የ5ኛውንና የ6ኛውን ደረጃ ስሌት ሳይሠሩ ወደ ዲለር አይሂዱ።

2ኛ. የተጻፈውን ርቀት በግማሽ ይክፈሉት

መስኮቱ ላይ የሚለጠፈው የማይል ቁጥር በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የፈተና ሥርዓት የወጣ ሲሆን፣ የሚለካውም ያለ ተጎታች ነው። ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ ትልቁን፣ የ131 ኪሎዋት ሰዓቱን ባትሪ ይዞ እስከ 320 ማይል፣ በትንሹ የ98 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ደግሞ እስከ 240 ማይል ይሄዳል ተብሎ ተመዝግቧል። ሪቪያን አር1ቲ በ2021 ሲወጣ 314 ማይል ነበር። የቴስላ ሳይበርትራክ ባለሁለት ሞተሩ 325 ማይል ነው። ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ ኢቪ ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚይዝ ባትሪ ስላለው ከ450 ማይል ያለፈ ርቀት የተመዘገበለት ሞዴል አለው።

በቁም ሣጥን ቅርጽ የተሠራ ከፍ ያለ ተጎታች ሲያያዝ ይህ ቁጥር በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሪቪያን ራሱ ከባድ ጭነት ሲጎተት ርቀቱ ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ ለደንበኞቹ ይናገራል። ለስሌት የሚመቸው መነሻ ይህ ነው፦ ባዶ ፒክአፕ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2 ማይል ገደማ ይሄዳል፣ ትልቅ ተጎታች ሲይዝ 1 ማይል ገደማ። ስለዚህ የባትሪው ኪሎዋት ሰዓት ቁጥር ራሱ፣ ሙሉ ቻርጅ ይዞ እየጎተተ የሚሄደው ማይል ነው ማለት ይቻላል። ትልቁ ላይትኒንግ 130፣ ትንሹ 98 ማይል ገደማ።

ይህንንም ሁሉ አይጠቀሙበትም። ባትሪው 10 በመቶ ሳይደርስ ማቆም ይኖርብዎታል፤ መንገድ ላይ ሲሞሉ ደግሞ ከ80 በመቶ በኋላ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ 80 ላይ መንቀሉ ያዋጣል። ትልቁን ላይትኒንግ ይዘው ከቤት ሙሉ ሆነው ከወጡ የመጀመሪያው ጉዞ 118 ማይል ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በየፌርማታው የሚያገኙት 90 ማይል ገደማ ብቻ ነው።

3ኛ. የተጎታቹን ቅርጽ ይመልከቱ፣ ክብደቱን በሚዛን ይመዝኑ

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ክብደት ነው፤ በሐይዌይ ላይ ባትሪውን ይበልጥ የሚበላው ግን ነፋስ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ (ስኩዌር) ልክ ያድጋል፤ በሰዓት 70 ማይል ሲነዱ በ55 ከሚነዱት ይልቅ ግፊቱ በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከፒክአፑ ጣሪያ በላይ የሚወጣ የምግብ ተጎታች ሙሉ ግድግዳ ይዞ አየርን ይገፋል። ሣር ማጨጃ የጫነ ዝቅ ያለ ክፍት ተጎታች ግን ክብደቱ እኩል ቢሆን እንኳ ከዚያ ያነሰ ባትሪ ይበላል። ክብደት የሚሰማው ከቆመበት ሲነሳና ዳገት ሲወጣ ነው፤ ያንንም መኪናው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሰዋል።

በዚህ ደረጃ አራት ነገር ያድርጉ።

አንደኛ፣ ተጎታቹን ለሥራ እንደሚወጡ አድርገው፣ ውኃውንና የጋዝ ሲሊንደሩን ጨምረው ጭነው፣ ትራክ ስቶፕ ላይ ባለው ሚዛን ያስመዝኑት። ባዶ ክብደቱን ይዞ መገመት አደጋ አለው።

ሁለተኛ፣ ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ ያርፋል። 6,000 ፓውንድ ተጎታች ማለት ከ600 እስከ 900 ፓውንድ በፒክአፑ ጀርባ ላይ ማለት ነው። ይህን ከሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ከተለጠፈው የጭነት አቅም ላይ ይቀንሱ፤ የቀረው ለሰዎችና ለዕቃ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጎተት አቅሙን በዚያው መኪና ላይ ያረጋግጡ። ላይትኒንግ 10,000 ፓውንድ የሚጎትተው ትልቁ ባትሪና የመጎተቻ ፓኬጁ ሲኖሩት ብቻ ነው፤ ሌላው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሪቪያን አር1ቲና ሳይበርትራክ 11,000 ፓውንድ ተብለዋል። ያገለገለ ሲገዙ ሞዴሉ አንድ ሆኖ ፓኬጁ የጎደለ ሊያጋጥምዎት ይችላል።

አራተኛ፣ የተጎታቹን ፍሬን ይፈትሹ። በሜሪላንድም በቨርጂንያም ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ፒክአፑ የተጎታች ፍሬን መቆጣጠሪያ አብሮት የመጣ መሆኑን ይጠይቁ።

4ኛ. መኪናው የሚያድርበትን ቦታ ይወስኑ

ትርፍና ኪሳራው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቤትዎ ቻርጅ የማድረግ ዕድል ከሌለዎት ቀሪው ስሌት ሁሉ ይለወጣል።

የራስዎ ቤት ወይም ታውንሃውስ ካለዎት ከመብራት ፓነሉ ይጀምሩ። በሲልቨር ስፕሪንግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ የተሠሩ ብዙ ቤቶች አሉ፤ የቆዩ ቤቶች ፓነል 100 አምፕር ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ባለ 48 አምፕር ቻርጀር የ60 አምፕር ብሬከር ይፈልጋል፤ 11.5 ኪሎዋት ይሰጣል። ሌሊቱን ለ8 ሰዓት ተሰክቶ ሲያድር 80 ማይል ገደማ የሚያስጎትት ኤሌክትሪክ ባትሪው ውስጥ ይገባል። ፓነልዎ ይህን ካልቻለ ለመለወጥ አይቸኩሉ። በ30 አምፕር ብሬከር ላይ የሚገጠም ባለ 24 አምፕር ቻርጀር በ10 ሰዓት 50 ማይል ገደማ የሚያስጎትት ይሞላል፤ በ1ኛው ደረጃ የጻፉት መዝገብ ይህ እንደሚበቃዎት ሊያሳይ ይችላል። በተለመደው የግድግዳ ሶኬት ግን አይተማመኑ፤ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚያስጎትተው 12 ማይል ገደማ ነው።

ሥራውን ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ይስጡ፣ ፐርሚትም ይውጣለት። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ስለሌላት ፐርሚቱ የሚወጣው ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። በአሌክሳንድሪያ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ የፖስታ አድራሻቸው አሌክሳንድሪያ የሚል ብዙ ቤቶች ከከተማው ወሰን ውጭ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። ፐርሚትዎም የመኪና ታክስዎም የሚሄደው ወደ ካውንቲው ነውና የትኛው ወሰን ውስጥ እንደሆኑ አስቀድመው ይወቁ። የፌዴራል መንግሥት ለቤት ቻርጀር የሚሰጠው የ30 በመቶ፣ እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ የታክስ ቅናሽ የሚመለከተው እስከ ጁን 30፣ 2026 ተገጥሞ ሥራ የጀመረውን ነው፤ ሁሉም ሰፈር ውስጥ አይሠራምና ቻርጀር አስገጥመው ከሆነ የታክስ ባለሙያዎን ይጠይቁ።

ኮንዶ ውስጥ ወይም የነዋሪዎች ማኅበር ባለበት ሰፈር ቤት ካለዎት ማኅበሩ እንዲሁ በደፈናው ሊከለክልዎት አይችልም። ቨርጂንያ በ2020፣ ሜሪላንድ በ2021 ባለቤቶች በራሳቸው ወጪ በራሳቸው የመኪና ማቆሚያ ላይ ቻርጀር እንዲያስገጥሙ የሚያግዝ ሕግ አውጥተዋል። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። ሕጎቹ የሚናገሩት ስለ ባለቤቶች ነው።

ብዙዎቻችን ግን ተከራዮች ነን። በአሌክሳንድሪያ እንደ ሳውዘርን ታወርስ ባሉ ፎቆች ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ መሐል አፓርታማዎች የሚኖር ሰው፣ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ለሕንፃው አስተዳደር ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፦ ቻርጀር አለ ወይ፣ በኪሎዋት ሰዓት ስንት ያስከፍላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ማደር ይቻላል ወይ። ሥራ ቦታዎ፣ መጋዘንዎ ወይም ምግብ የሚያዘጋጁበት የጋራ ኩሽና መሰኪያ ከፈቀደልዎት ያም እንደ ቤት ይቆጠራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ታኮማ ፓርክ ውስጥ አርኤስ አውቶሞቲቭ የተባለው ማደያ በ2019 ቤንዚን መሸጥ ትቶ ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ መሙያ ሆኗል፤ በአገሪቱ እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ማደያ እንደሆነ ይነገርለታል። እንዲህ ያሉ ፈጣን ቻርጀሮች ለችግር ቀን ይደርሳሉ፤ የየዕለት መሙያ ካደረጓቸው ግን የሚቀጥለው ደረጃ ዋጋውን ያሳይዎታል።

5ኛ. የአንድ ኪሎዋት ሰዓት እውነተኛ ዋጋዎን ያውጡ

በሲልቨር ስፕሪንግ መብራት የሚያቀርበው ፔፕኮ ነው፣ በአሌክሳንድሪያ ዶሚኒየን ኢነርጂ። ቢሉ ላይ በየመስመሩ የተዘረዘረውን ይለፉና የወሩን ጠቅላላ ክፍያ ለተጠቀሙበት ኪሎዋት ሰዓት ያካፍሉት። የሚያገኙት ቁጥር እውነተኛ ዋጋዎ ነው። ሁለቱም ኩባንያዎች በሌሊት የሚረክስ የሰዓት ታሪፍ ስላላቸው ደውለው ይጠይቁ፤ ፒክአፕ የሚያህል ባትሪ ለሚሞላ ሰው ልዩነቱ ይታያል።

ለስሌት ያህል በሲልቨር ስፕሪንግ 20 ሳንቲም፣ በአሌክሳንድሪያ 15 ሳንቲም እንያዝ። የፈጣን ቻርጀር ዋጋ በየቦታውና በየሰዓቱ ቢለያይም በአካባቢያችን ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 65 ሳንቲም ነው፤ 56 እንበል። ቤንዚን በጋሎን 3.20 ዶላር ይሁን። ተመሳሳይ የቤንዚን ፒክአፕ ባዶውን በጋሎን 20 ማይል፣ ትልቅ ተጎታች ይዞ 10 ማይል ይሂድ። ቤት ሲሞሉ ጥቂት ኤሌክትሪክ በሙቀት ስለሚባክን ባትሪው ውስጥ 100 ለማስገባት ከግድግዳው 110 ገደማ ይከፍላሉ።

ተጎታች ይዞ 100 ማይል ለመሄድ የሚወጣው ወጪ እንዲህ ይሆናል፦
በቤንዚን፣ 10 ጋሎን፣ 32 ዶላር።
በሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ተሞልቶ፣ 22 ዶላር።
በአሌክሳንድሪያ ቤት ተሞልቶ፣ 16 ዶላር ከ50።
በፈጣን ቻርጀር ተሞልቶ፣ 56 ዶላር።

ከዚህ ስሌት በቃል የሚያዝ አንድ መለኪያ ይወጣል። የጋሎን ቤንዚኑን ዋጋ ለ10 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ቁጥር በፈጣን ቻርጀር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሊከፍሉት የሚገባ ከፍተኛው ዋጋ ነው፤ ቤት ሲሞሉ በሙቀት የሚባክን ስላለ መስመሩ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቤንዚን 3.20 ከሆነ መስመሩ 32 ሳንቲም ነው። ከ32 በታች የሚገዙት ኤሌክትሪክ ያተርፍዎታል፣ ከዚያ በላይ የሚገዙት ያከስርዎታል። ባዶ ሲነዱም ይኸው መለኪያ ይሠራል፤ ቤንዚኑም ኤሌክትሪኩም በእኩል ይቀንሳሉና። ቻርጀር ፊት ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ ይህን ቁጥር ያስታውሱ።

6ኛ. የዓመቱን ድርሻ ያስሉ

ማንም ሰው ሁልጊዜ ቤቱ ብቻ ወይም ሁልጊዜ መንገድ ላይ ብቻ አይሞላም። ስለዚህ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ዓመቱን በሙሉ ከምገዛው ኤሌክትሪክ ከፈጣን ቻርጀር የሚመጣው ምን ያህል ነው?

በላይኛው ዋጋ ከሄድን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ በ20 ሳንቲም የሚሞላ ሰው ከመንገድ የሚገዛው ከሦስት አንድ እጅ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ትርፉ ያልቃል። በአሌክሳንድሪያ በ15 ሳንቲም የሚሞላው እስከ ሁለት አምስተኛ ድረስ ይታገሣል። ከመዝገብዎ ላይ የረዥም መንገድ ማይሎችን ደምረው ይህን መስመር ማለፍ አለማለፍዎን ይዩ። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሩቅ የሚሄድ፣ ሌላውን ጊዜ ቤልትዌይ ውስጥ የሚሠራ ሰው አያልፈውም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ኒው ዮርክ ዕቃ የሚጎትት ያልፈዋል።

መንገድ ላይ አዘውትረው የሚሞሉ ከሆነ የቻርጀር ኩባንያዎቹን ወርኃዊ አባልነት ይመልከቱ። በወር ጥቂት ዶላር ከፍለው የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ በግልጽ ይቀንሳል፤ ለአንድ ረዥም ጉዞ ብቻ ገብተው መውጣትም ይቻላል። ባትሪው ሞልቶ ሳይነቅሉ ሲቀሩ ተጨማሪ ቅጣት እንዳለም አይርሱ።

7ኛ. ረዥሙን መንገድ በየፌርማታው ያቅዱ

ሁለት ጉዞ እንውሰድ፣ በትልቁ ላይትኒንግና በትልቅ ተጎታች።

የመጀመሪያው ከሲልቨር ስፕሪንግ ኦሽን ሲቲ ነው። በመንገድ 50 ላይ ቤይ ብሪጅን ተሻግረው ኢስተን አካባቢ ሲደርሱ 70 ማይል ገደማ ነድተዋል፤ ባትሪው ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሏል። የቀረው 75 ማይል ነው። 15 በመቶ ተርፎዎት እንዲደርሱ 35 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መጨመር ይበቃል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ዋናው ነገር ኦሽን ሲቲ ላይ መኪናው ሌሊቱን ተሰክቶ የሚያድርበት ቦታ አስቀድሞ መያዝ ነው። ድልድዩ ላይ የሚከፈለው በአክስል ቁጥር ስለሆነ ተጎታቹ ክፍያውን ከፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ከአሌክሳንድሪያ አትላንታ፣ 630 ማይል ገደማ ነው። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ዓመታዊ በዓሉን በ2024 አትላንታ ላይ ሲያደርግ ዕቃ ይዞ ለመሄድ እንዳሰበ ነጋዴ እናስላው። የመጀመሪያው 118 ማይል ከቤት በወጣው ባትሪ ይሄዳል። የቀረው 512 ማይል በ90 በ90 ማይል ስድስት ፌርማታ ይጠይቃል፤ በእያንዳንዱ 45 ደቂቃ ገደማ ሲቆሙ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ወጪው ከቤቱ 22፣ ከመንገዱ 287፣ በድምሩ 309 ዶላር ገደማ ነው። ቤንዚኑ 63 ጋሎን፣ 202 ዶላር ገደማ፣ ሁለት ፌርማታ። ለእንዲህ ያለ ጉዞ የቤንዚን ፒክአፕ ተከራይቶ መሄድ ወይም ዕቃውን በጭነት መላክ ይሻላል፤ ኤሌክትሪኩን ለከተማ ሥራ ያቆዩት።

ፈጣን ቻርጀር ያለበት ቦታ ሲመርጡ የኃይሉን ብቻ ሳይሆን የግቢውንም ሁኔታ ይዩ። አብዛኛው ቻርጀር የተተከለው የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ጥግ ላይ፣ አንድ መኪና ፊቱን ወይም ጀርባውን አስገብቶ እንዲቆም ተደርጎ ነው። ተጎታች ሲኖር የሌሎችን መኪናዎች ቦታ ይዘጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ተጎታቹን ፈትቶ ማቆም ግድ ይሆናል፦ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባሉ፣ ክሪኩን ያወርዳሉ፣ የፍሬኑንና የመብራቱን ገመድ ይነቅላሉ፣ ሰንሰለቱን ይፈታሉ፣ መንጠቆውን ይለቃሉ፤ ሞልተው ሲመለሱ ሁሉንም መልሰው ያስራሉ። ለእያንዳንዱ ፌርማታ 15 ደቂቃ ይጨምሩ።

የመሰኪያው ቦታም አስፈላጊ ነው። ላይትኒንግና ሪቪያን መሰኪያቸው በሾፌሩ በኩል ከፊት ነው፤ ሲልቨራዶ ኢቪና ሳይበርትራክ በሾፌሩ በኩል ከኋላ። የቴስላ ሱፐርቻርጀር ከ2024 ጀምሮ ለፎርድ፣ ለሪቪያንና ለጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ተከፍቷል፤ ለሌላ ዓይነት መሰኪያ አስማሚ ያስፈልጋል። ነገር ግን ገመዱ አጭር ስለሆነ የፊት መሰኪያ ያለው ፒክአፕ ጎን ያለውን ቦታ ይዞ መቆም ሊኖርበት ይችላል። ፕለግሼር በተባለው አፕ ላይ ተጎታች የያዘ መኪና የሚገባባቸውን ጣቢያዎች መርጦ ማውጣት ይቻላል። የተጎታቹን መጠን በመኪናው ስክሪን ላይ አስቀድመው ያስገቡ፤ ያኔ መኪናው የሚያሳየው ቀሪ ርቀት ለእውነቱ ይቀርባል። ምንጊዜም አንድ ጣቢያ ቢበላሽ የሚደርሱበት ሁለተኛ ጣቢያ በእጅዎ ይኑር።

መንገድ ሲመርጡ ደግሞ የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይና የባልቲሞር ዋሽንግተን ፓርክዌይ ለንግድ መኪና የተከለከሉ መሆናቸውን ያስታውሱ። የድርጅትዎ ስም የተጻፈበት የምግብ ተጎታች ይዘው አይግቡባቸው። ቤልትዌይ ላይ ቀኝ መሥመር ይዘው በ55 መንዳት ደግሞ ሌላ ወጪ የማይጠይቅ ተጨማሪ ርቀት ነው።

8ኛ. ምጣዱንና ማቀዝቀዣውን ከባትሪው ላይ ይቁጠሩ

ለምግብ ነጋዴ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ትልቁ ጥቅም ምናልባት ከመጎተቱ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ላይትኒንግ በአንዳንድ ሞዴሎቹ እስከ 9.6 ኪሎዋት የሚሰጥ፣ የ120ም የ240ም ቮልት ሶኬት ያለው የኃይል ሥርዓት አለው። ጄኔሬተር የሚያስነሳውን ጩኸትና ጭስ ያስቀራል፤ ደንበኛው ወረፋ ላይ ቆሞ ሲያወራ ይሰማማሉ።

ወጪውን ግን ይቁጠሩ። በአሜሪካ ሶኬት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ለ8 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢበራ 12 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው፤ ይህም እየጎተቱ ሲመለሱ 12 ማይል ይቀንሳል። ማቀዝቀዣ፣ የቡና ማሽንና መብራት ሲጨመሩ በቀን 25 ኪሎዋት ሰዓት መድረስ ይቻላል። ሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ለሚሸጥ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ማታ ቤቱ ይሞላዋል። ሪችመንድ ሄዶ ለሚሸጥ ግን የመመለሻው ባትሪ ነው። እንጀራውን ቤት ጋግሮ መሄድና ከባዱን ሙቀት በጋዝ ማድረግ ባትሪውን ለመንገድ ያስቀርልዎታል።

9ኛ. ለክረምት ሌላ ቁጥር ይያዙ

በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ብርድ የባትሪው አቅም ይቀንሳል፣ የመኪናውም ማሞቂያ ይበላል። ለክረምት ቀን በ2ኛው ደረጃ ካገኙት ማይል ላይ ሩቡን ቀንሰው ያቅዱ። ከመውጣትዎ በፊት መኪናው ገና ተሰክቶ ሳለ ያሙቁት፤ የሙቀቱን ኤሌክትሪክ ከባትሪው ሳይሆን ከግድግዳው ይከፍላሉ። በመንገድ ላይ የመኪናውን ውስጥ በሙሉ ከማሞቅ መቀመጫውንና መሪውን ማሞቅ ይበቃል። ያገለገለ ላይትኒንግ የሚገዙ ከሆነ ከ2024 ሞዴል ጀምሮ ኃይል የሚቆጥብ ማሞቂያ እንደተገጠመለት ይወቁ።

10ኛ. ታክሱንና የግዢውን ዋጋ ይደምሩ

ለአዲስ መኪና 7,500፣ ላገለገለ እስከ 4,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ታክስ ቅናሽ ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 በኋላ ለተገዛ መኪና አይሠራም። ሻጭ አሁንም አለ ቢልዎት አይመኑ።

በግዛት ደረጃ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ይለያያሉ። ሜሪላንድ ሲገዙ የሚከፈለውን ታክስ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ አድርጋለች፤ ለኤሌክትሪክ መኪናም በዓመት 125 ዶላር ተጨማሪ የምዝገባ ክፍያ አለ። ቨርጂንያ ሲገዙ የምታስከፍለው 4.15 በመቶ ነው፤ ነገር ግን አሌክሳንድሪያም ሆነ ፌርፋክስ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ ታክስ ይጥላሉ። ውድ አዲስ ፒክአፕ በቨርጂንያ ሲያዝ ይህ በየዓመቱ ከባድ ሸክም ነው፤ ያገለገለ መግዛት እዚያ ይበልጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። ቨርጂንያ ለኤሌክትሪክ መኪና የመንገድ ክፍያም ታስከፍላለች፤ ጥቂት ማይል የሚነዱ ከሆነ ከ2022 ጀምሮ በነዱት ማይል ልክ የሚከፈልበት ፕሮግራም አለና ይመዝገቡ።

ፎርድ በዲሴምበር 2025 በባትሪ ብቻ የሚሠራውን ላይትኒንግ ማምረት ማቆሙን አስታውቋል። የሚተካው ባትሪውን የሚሞላ የቤንዚን ሞተር አብሮት ይኖረዋል። ረዥም መንገድ የሚጎትት ሰው ያንን ቢጠብቅ ያዋጣዋል። ለከተማ ሥራ ግን ያገለገለው ላይትኒንግ በጥሩ ዋጋ ይገኛል፤ ባትሪው 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ዋስትና ስላለው ምን ያህል እንደቀረው ያረጋግጡ። ኢንሹራንስዎን ደግሞ መኪናውን ለንግድ፣ ተጎታቹንም ጭምር እንደሚጠቀሙበት ነግረው ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበሉ።

11ኛ. ከራስዎ ተጎታች ጋር ሳይሞክሩ አይፈርሙ

ዲለሩን ተጎታችዎን አያይዘው እንዲሞክሩ ይጠይቁ። ከቤትዎ ወደ ተለመደው የሥራ ቦታዎ ይንዱ፤ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን የባትሪ በመቶኛ፣ የነዱትን ማይል ይጻፉ። መቶኛውን በባትሪው ኪሎዋት ሰዓት አባዝተው፣ ማይሉን ለዚያ ሲያካፍሉ ለእርስዎ ተጎታች፣ ለእርስዎ መንገድ የሚሆነውን ቁጥር ያገኛሉ። ለምሳሌ ከ131 ኪሎዋት ሰዓቱ 30 በመቶ ተበልቶ 44 ማይል ከሄዱ፣ 39 ኪሎዋት ሰዓት ለ44 ማይል፣ ማለት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1.1 ማይል ነው። እኔ ከሰጠሁዎት ግምት ይልቅ ይህን ይመኑ።

ያን ቁጥር ይዘው 5ኛውንና 6ኛውን ደረጃ እንደገና ይሥሩ። ቤትዎ የሚሰኩበት ቦታ ካለ፣ አብዛኛው የሥራ ቀንዎ እየጎተቱ ከ80 ማይል ካላለፈ፣ ከመንገድ የሚገዙትም በ6ኛው ደረጃ ካወጡት መስመር በታች ከሆነ ይግዙ፤ በየወሩ በኪስዎ የሚቀር ገንዘብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቤንዚኑን መኪናዎን ይዘው ይቆዩ፣ መዝገቡንም ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይክፈቱት፤ የመብራቱም የቤንዚኑም የመኪናውም ዋጋ ይለዋወጣልና ዛሬ ያላዋጣው ያኔ ሊያዋጣ ይችላል።